የፋቅኸው መስተዋት

ውድ ወንድሜ ጌንፓቺ፣

ከኦሳካ የላክኸው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አዲሱ ካሜራህ ጽፈሃል፤ ስለ ሰፈራችን ቃጠሎ አንዲት መስመር የለም። ተናድጄ ነው የምጽፍልህ፣ ቀድሜ ልንገርህ።

ናጋሳኪን ከዳር እስከ ዳር በአምስት ፎቶግራፍ አንስተን ጎን ለጎን ልንገጥማት ኮረብታው ላይ የወጣን ዕለት፣ አንተ ካሜራው ዘንድ ነበርህ። እኔ ጨለማው ድንኳን ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበትን መስተዋት መድኃኒት እየቀባሁ፣ ሳይደርቅ አቀብልሃለሁ፤ አንስተህ ስትመልስልኝ አጥባለሁ። ጣቶቼ በመድኃኒቱ ጠቁረው ስንት ወር ሰው ፊት እጄን እንደደበቅሁ ጠይቀኸኝ አታውቅም። አምስቱም ወጡ። ሦስተኛው ላይ ሰፈራችን ጣሪያ በጣሪያ ቁልጭ ብሎ ነበር። አንተ ግን አሣ ሻጯ እማማ ቶሜ ያሰጣችው ልብስ በነፋስ ተወዛውዞ ደብዝዟል ብለህ ፊትህን አጠቆርህ።

"ተወው ወንድምዓለም፣ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው ያነሳነው፤ ልብስ ይወዛወዛል" አልሁህ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ነገ ደግሜ አነሳዋለሁ" ብለህ፣ ሌላ መስተዋት ስላልነበረን ምስሉን ፍቀህ ያንኑ አጠብኸው።

በነጋታው ዘነበ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዘነበ። ገና ሳያባራ፣ ኦሳካ ሥራ ተገኘልኝ ብለህ ሄድህ።

በየካቲት ሰፈራችን ነደደ። ሰው ተረፈ፣ ቤት ግን አንድም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የድሮ ቤቱን በፎቶግራፍ ሊያይ የማይመጣ የለም። እማማ ቶሜ የቀሩትን አራቱን ስዘረጋላት ክፍተቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ "የኔ እዚህ ጋ ነበር?" አለችኝ። አንተን ልሸፍን ብዬ መስተዋቱ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ አልኋት። አሁን በሰፈሩ እጀ ሰባራዋ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ካሜራ ተሸክሜ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ እማማ ቶሜ ድንኳኑን ያዘችልኝ። እዚያው እውነቱን ነገርኋት። የድንኳኑን ጨርቅ እንደያዘች "ያኔ አንድ ሰው ብትልኩብኝ ልብሱን አላነሳላችሁም ነበር?" አለች። መልሱን አንተ ጻፍላት።

አዲሱን ሦስተኛ አንስቼ ከአራቱ መሐል አስገባሁት። አይገጥምም፤ ጥላው በሌላ በኩል ወድቋል፣ ባሕሩ ሸሽቷል፣ ከአሮጌው ከተማ መሐል ከቃጠሎው ወዲህ የተሠሩት ቤቶች አዲስ እንጨት ያንጸባርቃል። ሰዎቹ ግን ፊቱ ተገትረው ጣሪያቸውን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት "የኔ እንዲህ አልተንጋደደም" እያሉ ይጨቀጭቁኛል።

ለአዲስ ዓመት ናልኝ። ካሜራህን እዚያው ተወው። ከፎቶግራፉ ሥር የጻፍሁት የራሴን ስም ብቻ ነው፤ አይተህ ስለ ጉድለቱ አንዲት ቃል ሳትናገር የበዓሉን ምግብ ከበላህ፣ ምናልባት ያንተንም እጨምረዋለሁ።

እየተናደደች የምትናፍቅህ እህትህ፣
ሺኖ