ስምህን ያዋረድንበት ቀን

የኔ ጌታ ስንሻው፣

እንዴት ነህ ልበልህ፣ ያለህበትን አላውቀው። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህንም ባለፈው ሰሞን እንደ አቅማችን አወጣን። ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስህን ይማር ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግን ስለ አንተ እውነቱን የተናገረ አንድም አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

በሰው ፊት እርስዎ፣ በጓዳ አንተ እልህ ነበር። አሁን የምጽፍልህ ከጓዳ ሆኜ ነውና አንተ ልበልህ። አባቴ መሪጌታው ፊደል ሲያስቆጥረኝ እናቴ ለሴት ልጅ ምን ሊረባት ብላ ትቆጣ ነበር። ይኸው ለሟች ባል ለመጻፍ ረባኝ። ስጨርስ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ በዚህ ዘመን የተጻፈ ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው በክረምቱ ትንሽ አፈሰሰ እንጂ ቆሟል። ማሳውን ጎረቤታችን ባይህ በእኩል ያርስልኛል። በሬህ ዳማው አርጅቶ ከቀንበር ወጥቷል፤ ሽጪው ይሉኛል፣ እኔ ግን እንዲሁ ሳበላው እውላለሁ። ልጃችን የሺ ጥርሷን መቀየር ጀምራለች። ዝንጀሮና ከርከሮ አንተ እንደሌለህ ያወቁ ይመስለኛል፤ ከገደሉ አፋፍ እየወጡ በጠራራ ፀሐይ ማሳ ይገባሉ። በቆርቆሮና በጩኸት ነው የምናባርራቸው። ጩኸት ደግሞ ከኔ በላይ የምታውቅበት የለችም ትለኝ አልነበር?

አዳኝ አገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ የቆሎ ተማሪ ድርቆሽና ዳዊት በሞላበት ቤት ነው ያደግሁት። አንተ ደግሞ ጾም በተፈታ ማግሥት ውጅግራ ጠመንጃህን ይዘህ ወደ ገደሉ የምትወርድ ሰው ነህ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ስትመለስ ልብስህ በእሾህ ተተልትሎ፣ እኔ በመርፌ ስጠቅም አድራለሁ። በኋላ ግን ለመድኩት፣ ቀጥሎም ወደድኩት።

የወደድኩበትን ቀን ታስታውሰዋለህ? ጉልበትህ ተገሽልጦ፣ እጅህ ባዶ ሆኖ መጣህ። ትልቅ ድኩላ መትተህ ገደል ገባብህ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ልታርደው በድንጋዩ ላይ ተንከባልለህ ወረድህ፤ ስትደርስ ሞቷል። ያልተባረከ ጥንብ ነው ብለህ ለጅብ ትተኸው መጣህ። በቤት ሽሮ ብቻ ነበረና ተናደድኩ። ማን ያይሃል፣ ቢላህን አንገቱ ላይ አሳርፈህ ይዘኸው ብትመጣ ማን ያውቃል አልኩህ። «እኔ አውቃለሁ» አልከኝ፤ ሽሮህንም በልተህ ተኛህ። ከዚያ ቀን በኋላ ልብስህን ስጠቅም አጉረምርሜ አላውቅም። ስትገድል ደግሞ ሥጋውን በቅጠል እየጠቀለልህ ለየጎረቤቱ ትልክ ነበር። በዚህ መንደር ያንተን ድኩላ ያልበላ ቤት የለም። ይህን አስብልኝ፣ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ፣ ቀን ተቆረጠ። አንተ ሰደፉን ከአፈሙዙ ለያይተህ በቅባት አሸህ፣ በጨርቅ ጠቀለልህና ከጓሮ ዋንዛው ላይ በባዶ ቀፎ ውስጥ ከተትኸው። ግራና ቀኙ ንብ ያለባቸው ቀፎዎች ናቸው። ጠባቂ አቆምኩለት ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅኩም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ተጸጽቶ ጠመንጃውን ሊያስረክብ የሄደ ሰው ሉማሜ ገበያ ላይ ተሰቅሎ አይተናል። ከዚያ ወዲያ ማስረከብም መደበቅም ያው ሞት ሆነ።

አንተን የገደለህም ያ መደበቅ ነው እላለሁ። ደጋው ላይ ብትተኩስ ጣሊያኖቹ ምሽግ ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ ድምፁ ወደማይሰማበት ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርህ። በክረምት መውጫ አትውረድ፣ የወባ ንዳድ አለ ብዬህ ነበር። እሺ ትላለህ፣ ትወርዳለህ። በመጨረሻው ተመልሰህ ጠመንጃህን ቦታው አስገባህና ብርድ ብርድ አለኝ ብለህ ተኛህ። አልተነሳህም።

ገና አፈርህ ሳይደርቅ ሌላ ጭንቅ መጣ። ወግ ታውቃለህ። አዳኝ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል፣ ዘመድ ተሸክሞት ይዞራል፣ አስለቃሿም በስሙ ታነሳዋለች። ያንተ እህት እቴ ጥሩ ደግሞ አገር የሚያውቃት አስለቃሽ ናት። ከቀብር ስንመለስ እጇን ይዤ፣ ጋሻውና ልብሱ ይበቃል፣ ጠመንጃውን እንዳታነሺ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። ከልቧ ነበር እሺ ያለችው።

ለቅሶው መሐል የመንደሩ ጭቃ ሹም ለጣሊያን ካደሩ ሁለት ባንዶች ጋር መጥቶ ተቀመጠ። አለቀሰም፤ ጎረቤት ነውና ሊያለቅስ ይገባዋል። ባንዶቹ ግን የሚያዩት ሰዉ የተሸከመውን ነበር። ጋሻህ ዞረ፣ ካባህ ዞረ። እቴ ጥሩ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ልጅነትህን አወረደች፣ ደግነትህን አወረደች፣ እኔም መተንፈስ ጀመርኩ። ከዚያ ካባህ ፊቷ ሲደርስ ዓይኗ ተለወጠ። አስለቃሽ እንዲህ ስትሆን አይቼ አውቃለሁ፤ ከአፏ የሚወጣውን እሷም አትሰማውም።

እፎይ በል ድኩላ፣ ውጣ ወደ ሜዳው፤
ውጅግራው ቤት ቀርቷል፣ አፈር ገባ ጌታው።

ሰዉ ተቀብሎ ሊያለቅስ አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ። እሷም ያለችውን ያን ጊዜ ሰማችው። ሌላ ግጥም ልትደርብበት ሞከረች፣ ድምፅ አልወጣላትም። ከባንዶቹ አንዱ ወደ ጭቃ ሹሙ ጆሮ ጎንበስ አለ። ተነሥተውም ደህና ዋሉ ሳይሉ ሄዱ። የዚያን ማታ እቴ ጥሩ እግሬ ሥር ተቀምጣ ፊቷን ስትቧጭር አየኋት፤ ተይ አላልኳትም። ልጄን ይዤ ልጥፋ ብዬም አሰብኩ፤ ብጠፋ ግን ጠመንጃው አለ ብሎ እንደመመስከር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጣሊያኑ መኮንን ከጭቃ ሹሙ፣ ከአስተርጓሚውና ከወታደሮቹ ጋር መጣ። ጎተራውን ገለበጡ፣ መደቡን ቆፈሩ፣ የጣራውን ሣር በሳንጃ ወጉ። ከዚያ ጓሮ ወጡ። አንዱ ወታደር ከዋንዛው ሥር ቆሞ ቀና አለ። የሺን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ ልቤ ሲመታ ልጅቷ ጆሮዋን ከደረቴ አራቀች። ወደዚያ አላይም ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ፤ ደግሞ አለማየቴን ያዩብኛል ብዬ ቀና አልኩ። ወታደሩ በሰደፉ ቀፎ ነረተ። የነረተው የዳሩን ነበር። ንቡ ወጥቶ ሲበትናቸው ታቦታችንን ማርቆስን አመሰገንኩ። ተመልሶ ወደ ዛፉ የቀረበ አልነበረም።

ግን ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ግድግዳው ላይ ልብስ የምንሰቅልባቸውን የድኩላ ቀንዶች ነቅለው መኮንኑ ፊት ጣሏቸው። መንደርተኛው ሁሉ ተጠርቶ በረታችን ፊት ቆመ። መኮንኑ ቀንዶቹን በጫማው እየገፋ ጠየቀ፦ እነዚህን በምን ገደላቸው? ጠመንጃውን ካላወጣችሁ ቤቱ ይቃጠላል፣ ሴትዮዋ ወደ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ትሄዳለች ብሎ አስተርጓሚው ነገረን። ክብሪቱን የያዘው ወታደር ጣራው ሥር ቆሞ ነበር። የሺን ማን ይይዝልኛል ብዬ ሰዉን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ እቴ ጥሩ ከሰው መሐል ወጣች። ፊቷ ደም እንዳዘለ ነው። «ሙሾ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «ለሞተ ሰው ጠመንጃ የማይሰጥ ማን አለ? አስለቃሽ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፤ ፈሪውን ጀግና አደርጋለሁ። ወንድሜ ተኩስ ሲሰማ ሱሪው ላይ የሚሸና ሰው ነበር።»

ስንሻው፣ እሷ ናት ይህን ያለችው፤ አንተን አዝላ ያሳደገችህ።

ቀጥሎ ባይህ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲያው የሞተ ሰው አይታማም ብለን እንጂ» አለ፣ «ጃርት አባሮት ዛፍ ላይ ወጥቶ የዋለውን ማን ይረሳል? እኔ አይደለሁ ያወረድኩት?» ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ሌላዋ ደግሞ ቀንዱን ሁሉ ከጅብ ትራፊ ነው የሚለቅመው፣ ሽታው እኛ ቤት ይደርስ ነበር አለች። ከዚያማ ማን ያቁማቸው። አንዱ ያንዱን እየተቀበለ፣ ድንጉጥ አደረጉህ፣ ሰነፍ አደረጉህ፣ ቀበሮ ያየህ ጊዜ የጠፋብህን ጫማ ሳይቀር ፈጠሩልህ። ጫማ ኖሮህ ያውቃል? ያ ሁሉ ያንተን ድኩላ የበላ አፍ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሲዋሽ እኔን አያየኝም፤ ወታደሩ የያዘውን ክብሪት ነበር የሚያየው።

መኮንኑ ሲተረጎምለት ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ ግን አላመነም። ወደ እኔ ዞረ። ሚስቱ ትናገር አለ። ሳቁ ቆመ።

ምን ልበልህ። የሺ ነጠላዬን ይዛለች። «እውነት ነው» አልኩ። «ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ጅብ ሲጮህ በር የምዘጋው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ከኋላዬ ይቆም ነበር።» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ማቅ ለብሼ፣ አፈርህ እርጥብ ሆኖ፣ ከሰዉ ጋር ሳቅሁብህ።

አሁንም አላበቃም ነበር። አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱንም ጭቃ ሹሙ ያውቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አሻግሮ አየ። በማርቆስ ስም ማሉ ቢለን ኖሮ አልቆልን ነበር። ውሸት እንዋሻለን እንጂ በታቦት ዋሽቶ የሚምል በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ እኔ የመሪጌታ ልጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት ምላሴ ይታሰር ነበር። መኮንኑ ያን አያውቅም። ጭቃ ሹሙ ቤተ ክርስቲያኑን አየ፣ እቴ ጥሩን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየና ለአስተርጓሚው፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰውዬውን አውቀው ነበር፣ ከንቱ ሰው ነው አለው። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያንተን ሥጋ በልቷል፤ ምናልባት እሱ ነው። ወታደሩ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ።

ጠመንጃው ዛሬ ቀፎው ውስጥ የለም። የት እንደሄደ ለአንተም ቢሆን አልጽፍልህም፤ ጫካ ያሉት ወንዶች ግን አመስግነውሃል። ቤቱ ቆሟል። እኔም ልጄን እያሳደግሁ ነው። የከፈልነው ስምህን ነው። ውሸት አንዴ ከተነገረ መሐል ላይ አይቆምም፤ ባንዳ በየመንደሩ አለና ማንም ቃሉን ሊያጥፍ አይችልም። በሙት ዓመትህ እንኳ ጠላ ሲቀዳ የጃርቱ ወሬ ተነሥቶ ተሳቀ። እቴ ጥሩ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላስለቀሰችም። ሲጠሯት ድምፄ ጠፋ ትላለች።

እኔ ሁሉን ችዬው ነበር። ትናንት የሺ ከልጆች ጋር ውላ መጣችና ጉልበቴ ላይ ተደፋች። «አባዬ ጃርት ይፈራ ነበር?» አለችኝ። ገና ልጅ ናት፣ ምስጢር አትይዝም፤ አዎ አልኳት። ትሰቀቃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ ትልቅ ብሆን ኖሮ እንዳይፈራ እጁን ይዤ አብሬው እወርድ ነበር» አለችኝ።

ስንሻው፣ ወደ ጓዳ ገብቼ ያን ቀን የሳቅሁትን ያህል አለቀስኩ። ጣሊያን ይሄዳል፣ መቼም ሰው አገር ላይ ለዘላለም የተቀመጠ የለም። በሄደ ቀን ልጅህን ይዤ ገደሉ አፋፍ ላይ እወጣለሁ፤ ያ ድኩላ የወደቀበትን ቦታ አሳያታለሁ፤ ማንም ሳያይህ ትተኸው እንደመጣህ እነግራታለሁ። ለዚያ ቀን ሳልደርስ ብሞት ደግሞ እዚያው አንተ ጋ እመጣለሁና ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ልብስህን ተቀብዬ እጠቅምልሃለሁ። እስከዚያው መንደሩ ሁሉ ይሳቅብህ። ማን እንደነበርህ እኔ አውቃለሁ።

ሚስትህ