ማንም ያልሰጠኝ ቀኖና

ዓርብ፣ መጋቢት 11 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ ቁስቋም ሰገድኩ! ግንባሬ መሬት ነካ። ወገቤን ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግንብ ተደግፌ ነበር የምቆመው።

ባለፈው ሐኪሙ፣ «አጥንትዎ ደህና ነው። ሕመሙ እውነት ነው፤ ያቆየው ግን ጭንቀትና ፍርሃት ነው። ሳይፈሩ ጎንበስ ቀና ይበሉ» ሲለኝ ተቀይሜው ወጣሁ። ቤት ስገባ በር ዘግቼ ሞከርኩት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ አልኩ። መሬት ለመድረስ ግን ልቤ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ለነፍስ አባቴ እውነቱን ነገርኳቸው። «ባሌ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ይህ ወገብ የዚያ ቀኖናዬ ነው፤ ቢተወኝ እሱን የረሳሁት ይመስለኛል።»

ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ! ቀኖና ሰጪው እኔ አይደለሁም እንዴ? ያኔ ስትናዘዢ የሰጠሁሽን ጾም ጨርሰሻል። ወገቡን ማን ጨመረብሽ?»

እኔም ሳቅ አመለጠኝ። እዚያው ተንበርክኬ ወረድኩ። ወገቤ ጨመደደኝ፤ እንደ ወትሮው አልደነገጥኩም፣ ለቀቀኝ። ተነሥቼ ደገምኩ፣ ደጋገምኩ። ጎረቤቴ ዘነቡ ከኋላዬ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ለእኛም መሬት አትርፊልን!» አለችኝ።

አሁን ጭኔ ዝሏል፣ እንደ ሰገደ ሰው ሁሉ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ስግደት የለም። እስከ ሰኞ እንዴት አድርጌ ልቆይ!