እስር ቤት ሆኖ ፋይል ይዟል ስለተባለው ስለ ደረሳ ጉዳይ

ጥቅምት 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ተድላ ወልደሩፋኤል
በገጠር ውሃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የጥበቃና ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

ጤናዎ እንደ ንቃትዎ ዘወትር የማያንቀላፋ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ በሰላም እንዲያድር ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሂሳብ ክፍል የምሠራው ድርቤ ዋቅወያ፣ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴዎ ፊት እንድቀርብ የላኩልኝን መጥሪያ በአክብሮት ተቀብያለሁ። ክሱ «ማስረጃ በማጥፋት» የሚል ነው። መልሴን በጽሑፍ ማቅረብ እንደምችል ስለተገለጸልኝ ይኸው ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህንን ያደረግሁት በድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ ባለፈው ስብሰባ «በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነገር አይኑር» ብለው ያስተማሩንን አክብሬ ነው። አማርኛዬ ቢያነክስም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ የተማርኩት ከእናቴ ሳይሆን ከመምህር ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነብ እንግዳ ግራ እንዳይገባው ስለ ኮምፒውተሮቻችን ጥቂት ልበል። በሁለት ክፍል ተቀምጠው በሽቦ የተያያዙ ናቸው። የሂሳቡ ፕሮግራም አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል። ሰውየው ሲገባ ስሙን ይይዛል፣ ሠርቶ ሲወጣ ስሙን ይሰርዛል። በመካከሉ መብራት ከጠፋ ግን ስሙ ሳይሰረዝ ተሰክቶ ይቀርና፣ ቀጥሎ ልግባ የሚለውን ሰው «እገሌ ይዞታል፣ ይጠብቁ» ይለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁሉም ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ በእውነት ማንም አለመኖሩ ይጣራል፣ ከዚያ የተረፈው ስም ይጠፋል። መብራት በነቀምቴ እንዴት እንደሚመላለስ ለነቀምቴ ሰው አላስረዳም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የክፍላችን ባልደረባ ደረሳ የቧንቧ ዕቃ ፋይል ላይ ሲሠራ መብራት ጠፋ። ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ኮቱን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግስቱም ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ዲጋ ወጣ። መብራቱ ሲመለስ ስሙ እዚያው ነበር። ላጠፋው ስል እርስዎ በበሩ ያልፉ ነበርና ገብተው ከትከሻዬ በላይ አነበቡት።

«ደረሳ የት ነው?» አሉኝ።

«ዲጋ ነው» አልኩ።

«ታዲያ እዚህ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ማንም የለም ጓድ። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።»

«ስም ብቻውን አይሠራም» አሉኝና እጄን ከማሽኑ ላይ እንዳነሳ አዘዙኝ። ስለዚህ ጥልቅ አስተያየት አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስማቸው ብቻውን የሚሠራላቸው፣ ደመወዝም የሚበላላቸው ሰዎች አሉ ብዬ አምን ነበርና እምነቴን አስተካክለውልኛል።

2ኛ. ደረሳ ይሠራበት የነበረውን ክፍል በሰም አሸጉት። ሽቦው በስውር እስከ ዲጋ ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳው ተቦርቡሮ ሲታይ፣ ሽቦው ወደ ቀጣዩ ክፍል ገብቶ እዚያው ማለቁ ተረጋገጠ፤ አንድ የአይጥ ጎጆም ተገኘ። ስለ አይጡ ምርመራ እስካሁን የሰማነው የለም። የግቢያችንን ዘበኛ ኦቦ ዋጋሪን ግን «ማን ገባ?» ብለው ጠየቁት። «ማንም አልገባም» አለ። «ማንም ካልገባ ደረሳ እንዴት ውስጥ ሊገኝ ቻለ?» ሲሉት ሽማግሌው «እኔ የምጠብቀው በሩን ነው ጌታዬ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን አላውቅም» አለ። ለዚህ መልሱ ከሥራ ታገደ። ያልገባን ሰው አስገብቷል ተብሎ የታገደ ዘበኛ በወለጋ ምድር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ክብሩን ለጽሕፈት ቤታችን ስላስገኙ እናመሰግናለን።

3ኛ. ደረሳን ከዲጋ ከቆፋሪዎቹ መሀል አስነስተው፣ እጁ ጭቃ እንደሆነ ወደ ነቀምቴ አምጥተው አሳሰሩት። እኛንም በየተራ አስጠርተው ከማን ጋር እንደሚበላ፣ እሑድ እሑድ የት እንደሚዘምር፣ ለምን ዝምተኛ እንደሆነ ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን የሆነውን ልንገርዎ። ከፊቴ የምትቀመጠው ፀዳለ ስትጽፍ ወረቀቷን በክንዷ መሸፈን ጀመረች። ምሳዋን እየተካፈልኩ የኖርኩት እኔም፣ ወደ እርስዎ ቢሮ ስትገባ ባየኋት ቁጥር ስለ እኔ ምን ብላ ይሆን እያልኩ ምሳዬን ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። በኋላ ስጠይቃት እሷም ስለ እኔ እንዲሁ ታስብ ኖሯል። ወዳጅነታችን ያለ ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበርና ስላስተካከሉልን እግዜር ይስጥልኝ።

4ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ደረሳ እስር ቤት ገብቶም ማሽኑ «ደረሳ ይዞታል» ማለቱን አልተወም። እኛ በየዋህነታችን ይህ ነገር ንጹሕነቱን የሚያሳይ መስሎን ደስ አለን። ፖሊስ ጣቢያ የተቆለፈበት ሰው እዚህ ቢሮ ተቀምጦ የቧንቧ ሂሳብ ሊሠራ አይችልምና። ለእርስዎ ስንነግርዎ ግን ፊትዎ በራ። «እንግዲያው ብቻውን አልነበረም» አሉን። «በስሙ የሚሠሩ ግብረ አበሮች አሉት ማለት ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ከወንበሩ ሲነሳ ሌላው ቀና ብሎ ያየው ነበር።

የደረሳ ሚስት በቀለች ጨለለቂ ነው የምትኖረው። የመውለጃ ወሯ ገብቶ ስለነበር የስንቁን ሳህን እኔ እየያዝኩላት ወደ ጣቢያው አብረን እንሄድ ነበር። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ትቆምና፣ ሰው ስለ በሽተኛ እንደሚጠይቅ፣ «ድርቤ፣ ማሽኑ ዛሬስ ምን አለ?» ትለኛለች።

«ያው ነው» እላታለሁ።

«ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ባሌ ሥራው ላይ ነው የሚል እሱ ብቻ ቀረ» አለችኝ አንድ ቀን።

በዚያው ሰሞን በዲጋ ካለ መንደር ኦቦ ጨመዳ የሚባሉ ሽማግሌ በእግራቸው መጡ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቧንቧ ጠፍቶ ሴቶቻቸው ከወንዙ ይቀዳሉ፤ ልጆች ሆዳቸውን ታመዋል። ቧንቧው መጋዘናችን ውስጥ ነበር። የዕቃ መውጫ ወረቀቱ የሚታተመው ግን ከዚያው ከተያዘው ፋይል ነው፤ በእጅ ጽፈን እንዳንሰጥ ደግሞ እርስዎ ከልክለዋል። ሽማግሌው «አካም ቡልተኒ» ብለው ሁላችንንም በየተራ ሰላም ካሉ በኋላ የመጡበትን ተናገሩ። ፋይሉን ደረሳ ይዞታል ብንላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው «ደረሳን እናንተ ይዛችሁታል፤ እሱ ደግሞ የእኛን ውሃ ይዟል። ታዲያ የትኛችሁ ብትለቁ ይሻላል?» አሉ። ጥያቄያቸውን ወደ እርስዎ አስተላልፌ ነበር። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

5ኛ. ግብረ አበሮቹን በገዛ ዓይንዎ ለማየት ቆርጠው ስለተነሱ አመሰግናለሁ። በእኛ ስም መግባቱን ስላላመኑት፣ የቧንቧው ፋይልም ስለተያዘ፣ ባልታሸገው ክፍል ባለው ማሽን የነዳጁን ፋይል በራስዎ ስም እንድከፍትልዎ አዘዙኝ። ከፈትኩ። መነጽርዎን አድርገው አንድ ገጽ ያህል እንዳነበቡ የጎረቤት ወፍጮ ድምፁ ተጎተተና ጸጥ አለ፤ የማሽኑ መስኮትም ጠቆረ። በመጀመሪያ ያዩት እጄን ነበር። ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ። ወጥተው ለምሳ ወደ ቤትዎ ሄዱ።

መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ «ተድላ ይዞታል፣ ይጠብቁ» አለ። በመመሪያዎ መሠረት በቦታው የሌለ ሰው ስም ያየ ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር ሪፖርት ማድረግ አለበት። እኔም ጓድ ተድላ በቤታቸው ምሳ እየበሉ ሳለ በዚያው ሰዓት የነዳጅ ፋይል ውስጥ መገኘታቸውን፣ ብቻቸውን መሆን አለመሆናቸውን ግን ማረጋገጥ አለመቻሌን ጽፌ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። ከአፍዎ ጉርሻ አስተፍቼዎት ከሆነ አዝናለሁ፤ ከወትሮው ቀድመው ነበር የተመለሱት።

«ይህ የማሽን ስህተት ነው» አሉኝ።

«እኛም ስለ ደረሳ እንደዚያ ነበር ያልነው ጓድ።»

«የእኔ ሌላ ነው» አሉ።

ስምዎን ወዲያው እንዳጠፋ ፈቀዱልኝ። ሁሉንም ከፕሮግራሙ አስወጣሁ፣ የታሸገውን ክፍል ማኅተም ራስዎ ሰበሩልኝ፣ ማንም አለመኖሩን በሁለቱም ክፍል አጣራሁ። ስምዎን አጠፋሁ። የነዳጁ ፋይል ተከፈተ። በዝርዝሩ ላይ ከስምዎ ሥር የቧንቧውን ፋይል የያዘው የደረሳ ስም ነበር። «ይህንንስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሱ ማስረጃ ነው፤ ይቆይ» ብለው ወጡ።

እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ፈራሁ፤ አልደብቅም። የራሴ ልጆች አሉኝ። በቀለች ዳገቱ ላይ ቆማ የምትጠይቀኝን አሰብኩ፤ ነገም ያው ነው ልላት ነው። ፀዳለ ከወዲያ ስታየኝ ነበርና ወረቀቷን ሸፍና የኖረችበትን ክንድ አነሳች፤ ተነሥታም በሩን ገርበብ አደረገችው። የደረሳን ስም አጠፋሁት። ክሱ እውነት ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ። እጁ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አይፈለግ። በዚያው ከሰዓት የዲጋው ቧንቧ መውጫ ታትሞ መኪናው ተጭኖ ሄደ።

በማግስቱ የጣቢያው መርማሪ መቶ አለቃ፣ እርስዎ «ማስረጃውን ላሳይዎ» ብለው ስለጋበዟቸው መጡ። እርስዎ ቆመው እያስረዱ እኔ የቧንቧውን ፋይል ጠራሁት። ማንንም ሳይጠቅስ ተከፈተ። መቶ አለቃው ማሽኑን አዩ፣ እርስዎን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰውየው የታለ?» አሉ።

«ወጥቷል» አልኳቸው።

መቶ አለቃው የሚስቁ ሰው አይመስሉም፤ አልሳቁምም። ቆባቸውን አንስተው «እንግዲያው እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?» ብለው ሄዱ። ደረሳ በዚያው ሳምንት ተፈታ። ጨለለቂ ሲደርስ ሴት ልጁ ተወልዳ፣ ጎረቤት ገንፎውን በልቶ ጨርሶ ነበር። ሕፃኗን እንዲይዛት ሲሰጡት እጁን ታጥቦ መጣ፤ ደግሞ ታጠበ፤ በመጨረሻ በቀለች «ንጹሕ ነው እኮ» ብላ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ወደ ሥራው ተመልሷል። ሥራውን ግን በእርሳስ ነው የሚሠራው። ኮምፒውተሩን እንዲነካ ስንለምነው «ስሜን እዚያ አልጽፍም» ይለናል። ማንም አያስገድደውም።

6ኛ. ኦቦ ዋጋሪ እስከ ዛሬ እንደታገደ ነው። የገባ ሰው እንዳልነበረ አሁን እርስዎም ያውቃሉ። ሰኞ የእኔ ጉዳይ ሲታይ የእሱም እንዲነሳ እለምናለሁ። ለእኔ የሚታሰብ ምሕረት ካለ ለእሱ ይዙርለት።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ እደርሳለሁ። የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ማን እንዳዘዘኝ ቢጠይቁኝ ግን መልሴ አጭር ስለሚሆን ከወዲሁ ይቅርታ። ውሃ የሚጠጣው የዲጋ መንደር፣ አባቷን ያየችው ሕፃን፣ በግድግዳችን ውስጥ የቀረው አይጥም ጭምር፣ ስለ ድካምዎ ሁሉ ባለዕዳዎችዎ ናቸው። እኔም ከሁሉም በታች ሆኜ፣ ዓይንዎ ስር መዋሌን እንደ ታላቅ ክብር እየቆጠርኩ፣

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር
ድርቤ ዋቅወያ
የሂሳብ ክፍል

ግልባጭ፦
ለኦቦ ዋጋሪ (በቤቱ የሚነበብለት)
ሰሌዳው ፊት ለሚቆም ሁሉ

ማስታወሻ፦ ከደረሳ ጉዳይ ወዲህ ማንም ሰው በግል ስሙ እንዳይገባ፣ ሁላችንም በአንድ የጋራ ስም እንድንጠቀም ያወጡት ሰርኩላር ደርሶናል። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውን መርጠውልን ነበር፤ ማሽኑ ረጅም ስም ስለማይቀበል «ሕዝብ» ብቻ ብለን ጻፍን። ትናንት መብራት ጠፍቶ መጣ። አሁን የደመወዙን ፋይል ልንከፍት ስንል «ሕዝብ ይዞታል፣ ይጠብቁ» ይለናል። ማን ተይዞ ለምርመራ እንደሚቀርብ መመሪያዎን እየጠበቅን ነው፤ ጣቢያው ጠባብ ስለሆነ ለመቶ አለቃው አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ይመስለናል።