ከፈተናው ብቻዋን የቀረችው ተወካይ

የልጅ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ፤ ከዚህ ወረርሽኝ ይሰውርህ። ታላቅ ዜና ላብስርህ፦ የአያትህ ጢም ዛሬ በይፋ ተላጨ። ከአፍ መሸፈኛው ጋር አልስማማ አለ።

እህትህን ዩኒቨርሲቲ የክፍሏ ተማሪዎች ተወካይ አድርገው መርጠዋት ነበር። ትምህርቱ በስልክ ሲሆን ኔትወርክ የሌላቸው ቀሩ። «እነሱ ካልተፈተኑ ማናችንም አንፈተንም» ብላ ሁሉንም አስማለች። በፈተናው ቀን ኔትወርክ ያላቸው ተደብቀው ተፈተኑ። ከእነሱ እሷ ብቻ ቀረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው «አሳደመች» ብሎ ሊያባርራት ነው። «እስከ ዓርብ ይግባኝ በይ እንጂ» ስላት «ማንን ወክዬ?» አለችኝ። «ክብርት ተወካይ፣ እኔን ሽማግሌውን ወክለሽ» ብላት በሳቅ ፈረሰች። እህል ግን አልቀመሰችም።

መላው ጠፍቶኛል። አንተን ትሰማለች፤ እባክህ ዛሬውኑ ደውልላት። መንገድህን ያቅናልህ።

ሳቀች ያልኩህ ውሸቴን ነው። ያነጋገረችኝ ከውስጥ ሆና ነው፤ የመኝታ ቤቷን በር እንኳ አልከፈተችልኝም።