አራተኛው የወይራ ቁራጭ

ደሴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙና፣

አላህ ባለሽበት አገር ጥላ ይሁንሽ። እኔ ደኅና ነኝ።

በመጀመሪያ አንድ ወሬ ላስተካክል። የአጎትሽ ሚስት ዘሀራ፣ «ሳሊሃ ኒካሑን ስለጠላችው እንጨቱን ሆን ብላ ትሰብራለች» እያለች ኮምቦልቻ ውስጥ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። ለአንቺም ሳትልከው አትቀርም። ሐሰት ነው። ሦስት ቁራጭ ተሰብሯል፤ አንዱንም ሆን ብዬ አልሰበርኩም። እንዴት እንደተሰበሩ በየተራ እነግርሻለሁ።

አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የእህቶቹ ኒካሕ የተፈረመበትን እስክሪብቶ ሁሉ በእጁ የሠራው በዚህ በጓዳችን ባለው ቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስጠርበው ማሽን ነው። ለአንቺም ከግቢያችን ወይራ አንድ ጉማጅ አስቀምጦልሽ ሞተ። ማሽኑን የተማርኩት ባስተማርኩበት የሙያ ትምህርት ቤት ነውና ሥራው ለእኔ ቀረ። ሐምሌ ላይ አሚር እዚያው ካለሽበት ከጅዳ ሆኖ አንቺን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ ጉማጁን አምስት ቦታ ቆርጬ፣ ጫፎቹን ሰም ቀብቼ ጥላ ውስጥ አኖርኳቸው።

የመጀመሪያውን ያበላሸችው ዘሀራ ናት። «ቶሎ ላድርቅልዎ» ብላ ወሰደችና ከምድጃዋ በላይ ጭስ ላይ ሰቀለችው። ወይራ ሲቸኩሉበት ላዩ ይደርቃል፣ ልቡ እርጥብ ይቀራል። ቶርኖው ላይ አስሬ መሮውን ሳስጠጋው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ሁለተኛው የእኔ ጥፋት ነው። የእስክሪብቶውን ቀለም የሚይዘው የነሐስ ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ ስበሳ መሰርሰሪያውን እያወጣሁ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ነዳሁት። እንጨቱ ጋለና መውጫው ላይ ፈነዳ። ሦስተኛው ላይ ኮላውን ቱቦው ላይ ብቻ ቀብቼ የቀዳዳውን ውስጥ ተውኩት። ከሥሩ ደጋፊ ያጣው እንጨት ሲሳሳ ተፈንጥሮ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ግድግዳው ላይ ምልክቱ አለ።

ዘሀራ ስቃ፣ «እንጨቱ እንኳ እምቢ ካለ በሱቅ ቢክ ይፈረማ!» አለች። አጎትሽ ጀላል ግን አልሳቀም። «በወንድሜ ወይራ ካልሆነ ለፊርማ እጄን አላነሳም» አለ። አጎትሽን ታውቂዋለሽ፤ አንዴ ከተናገረ አይመለስም። በአባትሽ ቦታ ሆኖ የሚድርሽ ወሊይሽ ደግሞ እሱ ነው፤ እሱ ካልፈረመ ኒካሕ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድምፅሽን ከሰማሁ ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። ስደውል የሚያነሳው አሚር ነው። «ማዘር፣ ሙና ሥራ ላይ ናት፣ እነግራታለሁ» ይላል። ትሑት ነው። አምስት ጊዜ ደወልኩ፣ አምስቱንም ጊዜ ሥራ ላይ ነሽ፤ አንደኛው የዕረፍት ቀንሽ ነበር። ከረመዳን በኋላ የተባለውንም ኒካሕ ወደ ፊታችን እሑድ አመጣው። ለምን እንደቸኮለ ብጠይቀው፣ «ኸይር ሥራ አይዘገይም» አለኝ።

ጀላልን፣ «ልጅቷ ራሷ እሺ ብላለች?» አልኩት። ከስልክሽ የተላከለትን መልእክት አሳየኝ።

«ጽፋለች እኮ፣ እትዬ። ምን ቀረ?»

«ድምፅዋ ቀረ።»

«አስተማሪነቱ ዛሬም አልለቀቀዎትም» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ገራዶ ሄድኩ። ቢልቂስ የምትባል ልጅ አለች፤ ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ጅዳ የአሚር ሚስት የነበረች። እሱ «አገሯ ናፍቋት ተለያየን» ብሎ ነበር የነገረን። ውሃ ስትቀዳልኝ በግራ እጇ ነው። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ጠሞ ገጥሟል። ስለ እጇ አልጠየቅኋትም። እንዴት እንደጀመረ ብቻ ጠየቅኋት።

«መጀመሪያ ስልኬን ያዘልኝ» አለች። «‹ሰው እንዳያስቸግርሽ እኔ ልያዝልሽ› ብሎ።» ቀጥላም፣ «የእርስዎን ልጅ ስልክ ማነው የሚያነሳው?» አለችኝ።

ይህን ለጀላል ስነግረው፣ «የተፋታች ሴት ስለ ባሏ ምን እንድትል ይፈልጋሉ?» አለኝ።

አራተኛውን ቁራጭ ትናንት ሠራሁት። መሮውን ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ቀዳዳውን ቅዳሜ ጠዋት ነበር ትንሽ በትንሽ፣ እያቀዘቀዝኩ የበሳሁት። ቱቦውንም የቀዳዳውንም ውስጥ ኮላ ቀብቼ ሁለት ቀን አቆየሁት። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እያሳሳሁ ጠረብኩት። ከሰዓት በኋላ፣ በዐስር ሰላት ላይ ጀላል ከኮምቦልቻ መጥቶ፣ «ወጣ?» አለኝ።

«ተሰበረ» አልኩት።

እስክሪብቶው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አንድ ጭረት የለበትም፤ ሙቀቱ ገና ጭኔ ላይ ይሰማኝ ነበር። ለዋሸ ተማሪ ሠላሳ ዓመት ምሕረት ያላደረግሁ ሰው ነኝ። ጀላል ወለሉን አየ፤ ስብርባሪ ፈልጎ ይሁን አላውቅም። «አንድ ቀርቷል፤ እስከ ቅዳሜ ይጨርሱት» ብሎ ሄደ። እንግዲህ ዘሀራ ያለችው ሐሰት ነው፤ እኔ ለጀላል ያልኩትም ሐሰት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ነገ ወደ ጅዳ የምትነሣው የጎረቤታችን ልጅ መሲ ናት። ካንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። በእሷ ስልክ ደውዪልኝ። አሚርን ወደሽው ከሆነ ንገሪኝ፤ እስክሪብቶውን ለጀላል ሰጥቼ አፉ በለኝ እለዋለሁ። መናገር ካልቻልሽ ደውለሽ ዝም በይ። የአንቺን ዝምታ እለየዋለሁ። ፓስፖርትሽ በእጅሽ ከሆነ አትልቀቂው።

አላህ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ደግ ሰው አያሳጣሽ።

ነገ በመጀመሪያ ሱብሒን ሰግጄ ደብዳቤውን ለመሲ አደርሳለሁ። ከዚያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገራዶ እሄዳለሁ። ቢልቂስ ገና እሺ አላለችኝም፤ እሺ እስክትል ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርደን ጀላል ፊት እጇን እንድትዘረጋ አደርጋለሁ።

እናትሽ ሳሊሃ