ተሸንፌያለሁ፤ ልብህን አስመርምር

ለውድ ታናሽ ወንድሜ ለዳምጠው፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ደረትዎን አላመመዎትም? አዎ፣ አንቱ አልኩህ። ዳቦ ትተን ጮማ እየበላን፣ በክብደት መቀነስ የተሸነፈ አሸናፊውን አንቱ ይበል ብለን አልነበር የተወራረድነው? ይኸው ታላቅህ ውርርዱን አቋርጦ ተሸንፎ አንቱ አለህ። ስቀህ ጨርስና የቀረውን በፈጠረህ በቁም ነገር አንብብልኝ። እማማን ጉልበቷን ተሻላት? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደህና አይደለሁም።

ስደውልልህ “አንተ ቁምሳጥን፣ ዳቦ አማረህ አይደል!” ብለህ ዘጋህብኝ። በሚስትህ ስልክ ብሞክር “አስጠንቅቆኛል፣ አታታልለኝም” ብላ እሷም ሳቀችብኝ። አልፈርድባችሁም፤ እኔና አንተ ውርርድ ላይ ስንዋሽ ነው ያደግነው። አምና ታይፎይድ ይዞኛል ብለህ ጉድ ሠርተኸኝ የለ? አሁን ግን የምጽፍልህ ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

ሰኞ ዕለት የሰው ቤት ዕቃ ስናጓጉዝ ሶፋ ይዘን ደረጃ እየወጣን ነበር። ድንገት ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ግራ እጄ ደነዘዘ። ሾፌራችን “ዳቦ ብትበላ ኖሮ!” እያለ ሲያሾፍብኝ ፊቴን አየና ሶፋውን እዚያው ጥሎ በጭነት መኪናው ይዞኝ በረረ።

ሐኪሟ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ በኩራት ነገርኳት፤ ዳቦ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ድንች የለም፣ ሥጋ ከነጮማው፣ እንቁላል በቅቤ። ሱሪዬ እንዴት እንደሰፋኝ ሁሉ አሳየኋት። ክብደትህ መቀነሱ ጥሩ ነው፣ ስኳርህም ወርዷል አለችኝ። ዳቦውን መተውህ አይደለም ያስፈራኝ፣ በምትኩ ያስገባኸው ጮማና ቅቤ ነው፤ መጥፎው ኮሌስትሮል ጣሪያ ነክቷል፣ የልብህ የደም ሥርም ከድሮ ጀምሮ ሲጠብ የኖረ ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ስሸከም እውል የለ፣ ላቡ አያወጣውም ወይ ብላት፣ ላብ ይህን አያጥበውም አለችኝ። ከዚያ አባታችሁ በምን ሞተ አለች። ምች መታው አልኳት። ዕድሜውን፣ ገና ጎልማሳ እንደነበር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና “ወንድም አለህ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ አንተ ታየኸኝ። አባባ እኮ ልክ እንዳንተ ነበር። ወፍራም፣ ብርቱ፣ ሳቂታ። ግድግዳ ሲለስን ውሎ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ እየተጫወተ ነው እንደተቀመጠ የቀረው። አንተም ጠዋት ትሮጣለህ፣ ቀኑን ሙሉ ጎሚስታ ቤት የከባድ መኪና ጎማ ታነሳለህ፣ ማታ ያንኑ ጮማ ትበላለህ። ምንም አላመመኝም ትለኛለህ። እኔንም እስከ ሰኞ ድረስ ምንም አላመመኝም ነበር!

በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ሐኪም ቤት ሂድ። ደምህንም ልብህንም ይዩልህ፣ የአባባንም ነገር ሳትደብቅ ንገራቸው። ውጤቱ እስኪታወቅ ጎማውን ሌላ ሰው ያንሳው፣ ሩጫውም ይቅር። እኔ እዚህ ደረቴ ላይ የልብ መከታተያ ገመድ ተለጣጥፎብኝ ከአልጋ መውረድ ተከልክያለሁ እንጂ፣ መጥቼ በጆሮህ እየጎተትኩ እወስድህ ነበር። ምን ላድርግ? እንዴት ብዬ ልለምንህ?

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ ከዚህ በኋላ ስደውል እንዳትዘጋብኝ አደራ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውን፣ እነ አክስቴንም ሰላም በልልኝ። እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መታመሜን ግን እንዳትነግራት፣ አትችለውም። አሁንም ቀልዱን ነው ካልክ ግን ይህን ወረቀት ይዘህ ፊቷ ቁጭ በልና ጮክ ብለህ አንብብላት። አባባ ጋ ስትደርስ ዓይን ዓይኗን እያየህ መሳቅ ከቻልክ፣ እኔ ዋሽቻለሁ።

ታላቅ ወንድምህ
ከሆስፒታሉ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን