የግራሩ ውሃ እና የእትዬ ሙሉ ነጠላ

ጥር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ለጥምቀት ያጠቡትን ነጠላ ይዘው መጡ። መሐሉ ላይ እንደ ዝገት ያለ ነገር ተንጠባጥቦበታል። «ይሄ አዲሱ የዱቄት ሳሙና ነው ጉድ የሠራኝ። ምን ያስለቅቀው ይሆን?» አሉኝ። እኔ ግን እንዳየሁት አወቅሁት። ቆዳ የማለፋበት የግራር ልጥ ውሃ ነው። ቆዳ የምነክርባቸውን ሁለት ጉድጓዶች ባጸዳሁ ቁጥር ውሃውን ወደ ወንዙ እደፋዋለሁ፤ እሳቸው የሚያጥቡት ደግሞ ከታች ነው።

«እትዬ፣ የኔ ውሃ ነው ያበላሸብዎት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አይ አንተ፣ ልጥ ምን ያደርጋል? ከዛፍ የወጣ ማንንም አይጎዳም ስትል አልነበር?»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ቦርሳ ለሚገዙኝ ፈረንጆችም የምለው ይህንኑ ነው። የላጥኳቸው ግራሮች ቆመው እንደደረቁ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አላመኑኝም። እንደገና ላጥበው ብለው ነጠላቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከኋላቸው ተጣራሁ፤ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙልኝ።

የሁለተኛውን ጉድጓድ ውሃ የደፋሁት ዛሬ ጠዋት ነው።